ስብሰባ የማይወደው ጋኔን

መጀመሪያ የወደቅሁት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። እንዴት እንደወደቅሁ እንዳትጠይቁኝ፤ የሚወድቅ ሰው ምንም አያይም፣ የሚያየው ቆሞ የነበረው ነው። የማስታውሰው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር፣ ከራሱ በላይ የተሰቀለው ሸምበቆ የምንለው ረጅም ነጭ አምፖል ደግሞ ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ሲል ነው። እኔ አምፖሉን እያየሁ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከንግግሩ አምፖሉ ይሻል ነበር። ከዚያ ዐይኔን ስገልጥ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሜያለሁ፣ ምላሴ ተነክሷል፣ አፍንጫዬ በክብሪት ጭስ ተቃጥሏል። አዳራሹ ባዶ ነው። ስብሰባው ተበትኖ ሕዝቡ ወደየቤቱ ገብቷል።

ያኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዐሥራ አንደኛ ክፍል። የምንኖረው ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነው። አባቴ ከሸዋ ለሥራ ተዛውሮ የመጣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው። እናቴ ጎጃሜ ናት፤ ኦሮምኛዋን ከገበያ የለቀመች ቅቤ ነጋዴ። በሁለቱም ቋንቋ ትጨቃጨቃለች፣ በሁለቱም ትረታለች። አባቴ ደግሞ ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት ልመና ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ የወደቅሁትም እዚያው አዳራሽ ነው። ከዚያ እንደገና እዚያው። የሰፈሩ ሰው ነገሩ ቶሎ ገባው፦ «ይቺን ልጅ የለከፋት ጋኔን ስብሰባ አይወድም» ተባለ። ወሬው ቤታችን ሲደርስ አባቴ ከሚያነበው ጋዜጣ ቀና ሳይል «ማን ይወዳል?» አለ። እናቴ ዘላ ተነስታ መስኮቱን ዘጋች። «አንተ ሰው፣ እሷ ብትወድቅ ትነሳለች፤ አንተ በአፍህ ከወደቅህ ማን ያነሳሃል?» ብላ ስትቆጣው ትዝ ይለኛል።

ሰዉ ጋኔኑን እንደወደደው ሳልናገር አላልፍም። ውይይቱ ረዝሞ ወደ ሦስተኛው አጀንዳ ሲገባ አሮጊቶቹ በዐይናቸው ይፈልጉኝ ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን እንዲያውም «ዛሬ ደህና ነሽ እንዴ?» ስትለኝ ቅር ብሏት ነበር የምትጠይቀኝ። ታዲያ ያ ሁሉ ወዳጅ የሚያመሰግነኝ ከሩቅ ነው። ስወድቅ የሚነካኝ የለም። የአፌ አረፋ ከነካቸው የሚተላለፍባቸው ይመስላቸዋል። ውሃ የጠጣሁበት ጣሳ ለብቻው ይቀመጣል፤ ቤታቸው ስገባ ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። እናቴም ብትሆን፣ ያ ሁሉ ፍቅሯ እንዳለ ሆኖ፣ ስወድቅ የምታደርገው ክብሪት ጭራ እጇን አርዝማ አፍንጫዬ ሥር መያዝ ነበር። ስነቃ መጀመሪያ የማየው ያንን የተዘረጋ ክንድ ነው። እሱ ነበር ሆዴን የሚያባባው።

የክብሪቱ ነገር ለብቻው ጉድ ነው። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ይጫራል፣ አለቀ፤ የሚጠይቅ የለም። ክብሪት ደግሞ ያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጉራጌ ነጋዴ ግን ለእኔ ሲል ከባንኮኒው ሥር ደብቆ ያስቀምጥ ነበር። «እትዬ፣ ይቺ የልጅቷ ናት» እያለ ለእናቴ ያቀብላታል። እኔም ደብተር ስይዝ ክብሪት እይዛለሁ። አንድ ጊዜ መምህራችን ቦርሳዬን ፈትሾ ክብሪቶቹን ሲያገኝ «ሲጋራ ጀመርሽ?» አለኝ። «የለም፣ የምወድቅበት ነው» ስለው ልጆቹ ሳቁብኝ። አንዷ ደግሞ ስታጨስልኝ የፊት ፀጉሬን አቃጥላው ለአንድ ወር ሻሽ አስሬ ዞርኩ። እኔ በባሕርዬ ቁጡ ነኝ፤ ያን ጊዜስ መድረሻ አሳጥቻቸው ነበር።

ሊቀመንበሩ እናቴን አስጠራት። አብሬያት ሄድኩ። «እትዬ፣ ልጅዎ ስብሰባ ሲጀመር ትወድቃለች፣ ሲበተን ትነሳለች። ይህን ምን እንበለው?» አላት።

«በሽታ ይበሉት» አለች እናቴ።

«በሽታ ሰዓት ያያል እንዴ?»

«እኔ ምን ላድርግ ጓድ ሊቀመንበር? ሰዓቱን የሚቀጥሩት እናንተ ናችሁ!»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ራሱን አከከና «ብቻ የሐኪም ወረቀት ያምጡ» ብሎ አሰናበተን። የሚገርመው ነገር እናቴ እየተከራከረችለት ያለውን በሽታ እሷ ራሷ በሽታ ነው ብላ አታምንም ነበር። ጋኔን ነው ባይ ናት።

ደግሞ ማስረጃ አገኘችበት። ቅቤ ልትገዛ ጉቴ ገበያ ስትወርድ እኔንም ትወስደኛለች። ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ጋቢና ስንመለስ፣ ባሕር ዛፍ በተሰለፈበት መንገድ ላይ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ወደቅሁ። በሌላው የገበያ ቀን እዚያው ቦታ ስንደርስ እንደገና። ሾፌሩ «ማሎ፣ ማሎ!» እያለ መኪናውን አቁሞ ከኛ ቀድሞ ወረደ። ከዚያ በኋላ የጉቴ መንገድ አድባር አለበት ተባለ። እናቴም ቅቤ ይዛ ሄዳ ባሕር ዛፉን ቀባችው። ዋርካ ቢሆን ደግ፤ ባሕር ዛፍ! ትናንት ለማገዶ የተተከለ! ያውም የቀባችው የቆየውን ነው፤ ለጋው ለገበያ ነበር። ኋላ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር አባቴ «ቅቤው ስለቆየ ይሆናል» አላትና ሁለት ቀን አኮረፈችው።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ ሳቅ ነው። ሳቅ ያልነበረው የትምህርት ቤቱ ነገር ነው። በእኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን ነበር የምንቀመጠው። ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ከወደቅሁ በኋላ ሁለቱ ጓደኞቼ ተነስተው ከኋላ ካሉት ጋር ተጣበቡ። ሌላው ዴስክ አራት አራት ሆኖ እየተጋፋ እኔ ብቻዬን እንደ ባላባት ተንሰራፍቼ እቀመጣለሁ። ወላጆችም መጥተው ጮኹ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ጠራኝና «እኔ አላባረርኩሽም፤ የማይተላለፍ መሆኑን ሐኪም ይናገር፣ አብሮሽ የሚቀመጥ ሰው ይገኝ፣ በዚያው ቀን ግቢ» አለኝ። የመጀመሪያውን ሐኪም ያመጣዋል። ሁለተኛውን ከየት ላምጣ? ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መማር እወድ ነበር። ከሌሎቹ የተለየሁ ሆኜ ሳይሆን፣ ካልተማርኩ የሚጠብቀኝ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብሎ ዝንብ እያባረሩ ቅቤ መሸጥ ስለሆነ ነው። ያውም ገዢው ከቀረበኝ።

እናቴ እዚያው ነቀምት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አይቶ «አጥንቷ ደህና ነው፤ ይሄ ግን የሚያሳየው ቅሉን ነው፣ በውስጡ ያለውን አያሳይም። አዲስ አበባ የአንጎልን ሥራ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ፤ እዚያ እልካታለሁ» አለ። እናቴ ፊልሙን ተቀብላ ቀጥታ ወደ ገበያ ይዛው ሄደች። ለደንበኞቿ በፀሐይ እያሳየች ትቆማለች፤ ሴቶቹም ቅቤውን ትተው በራሴ ቅል ላይ ይወያያሉ። አንዷ «አዴ፣ ጥርሷ እንዴት ያምራል!» ትላለች። ሌላዋ አተኩራ አይታ «ውስጡ ባዶ ነው እኮ!» ትላለች። «ጋኔኑ ቀዶ ወጥቶ ይሆናላ!» ያለችም አለች። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ! እንደ ሞተ ሰው ነው የሚያወሩብኝ። ፊልሙን ነጥቄ ወደ ቤት ሮጥኩ።

የአዲስ አበባው ቀጠሮ ብዙ ተጠብቆ መጣ። አባቴ ፈቃድ ስላልተሰጠው የምንሄደው እናቴና እኔ ሆንን። ልብ በሉ፣ እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ልጇ ደግሞ የራስ በሽታ ይዟት በራሷ ልትመረመር ነው። የመንገዱ ዋዜማ ጎረቤቶቹን ጠርታ ፀጉሬን በቀጭን በቀጭኑ ሹሩባ አሠራችኝና ለጋ ቅቤ እላዩ ላይ ቆለለችበት። ጆሮዬ ድረስ ወረደ። «እማ፣ በዛ» ብላት «ዝም በይ፤ ሐኪሙ የሚያየው ጭንቅላትሽን ነው፤ ሳይቀባ ቢያየው እናት የላትም ይላል» አለችኝ። ቅቤው የሰው ልብስ እንዳይነካ ራሴን እስከ ዐይኔ በነጠላ ጠቅልላ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ። ቀኑን ሙሉ በባኮ፣ በአምቦ በኩል ስንጓዝ፣ ያ ሁሉ ባሕር ዛፍ ግራና ቀኝ ሲያልፍ፣ አንድ ጊዜም አልወደቅሁም። እናቴ ላለው ተሳፋሪ ሁሉ «አያችሁ? ቅቤው ነው!» አለች። አንዲት ሴትዮም የት እንደምትሸጥ ጠየቀቻት።

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ስንቀርብ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ነጠላዬን ገለጥ አድርጎ አየና ደነገጠ። ወፍራም፣ ሳቅ የማያውቀው የሚመስል ሰው ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለጋ ነው» አለች እናቴ በኩራት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ራስ ቅሏ ላይ ሽቦ ነው የምለጥፈው! ቅቤ ላይ ምን ይጣበቃል? ጸድቶ ካልመጣ አላነሳም። ዛሬ ካለፈ ደግሞ ቀጣዩ ቀጠሮ ከስንት ወር በኋላ ነው።»

እናቴ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ወገቧን ያዘች። የእኔን ልነግራችሁ አልችልም። ከስንት ወር በኋላ ማለት ክፍሉ ሁሉ ተፈትኖ ዐሥራ ሁለተኛ ገብቶ፣ እኔ ዝንብ እያባረርኩ ማለት ነው። «አንቺና ቅቤሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ሰዉ ዞሮ አየን። ያ ጩኸት ግን ጠቀመን። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ምን እንደሆነ ጠየቁ፣ እናቴም እያለቀሰች ነገረቻቸው፣ በአንድ ጊዜ ሁሉም ራሴ ላይ ወረዱብኝ።

ሹሩባ መፍታት እንደ መሥራቱ አይደለም። በተለይ በቅቤ የጠጠረ። አንዷ ከግራ፣ አንዷ ከቀኝ፣ አንዷ ከማጅራቴ ይዘው ይተረትሩኛል፤ ራሴ ወዲያና ወዲህ ይንገላታል። ከላይ ደግሞ ይጨቃጨቃሉ። «ምን ዓይነት አሠራር ነው እናንተ አገር!» ስትል አንዷ፣ ሌላዋ «ተዪ፣ ቅቤው ግን ቅቤ ነው» እያለች የተረፈውን ወደ ራሷ ፀጉር ታሻግራለች። ባሏን ልታስታምም የመጣች አንዲት ሴት ከቀበሌ በራሽን ያገኘቻትን አንድ ፍሬ የልብስ ሳሙና ከዘንቢሏ አወጣች። ሳሙና ያን ጊዜ ምን ያህል ብርቅ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ ከበርሜል እየቀዱ፣ ግቢው ውስጥ ጎንበስ አድርገው፣ ሳሙናዋ እስክትሳሳ ድረስ አጠቡኝ። እናቴ ለዘመድ ያመጣችውን ቅቤ ከነቅሉ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ተመልሰን ስንገባ ፀጉሬ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ቆሟል፤ ኮሪደሩ ደግሞ ነቀምት ገበያ ገበያ ይሸታል። ባለሙያው አሽትቶ «እሺ፣ እንሞክር» አለ።

አልጋ ላይ አስተኝቶ ሽቦዎቹን በአንድ ዓይነት ማጣበቂያ ራሴ ላይ ዙሪያውን ለጠፋቸው። ሽቦዎቹ አንድ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ሣጥኑ ላይ የተደረደሩ ቀጫጭን ብዕሮች አሉ፤ ወረቀቱ እየተሳበ ሲያልፍ ብዕሮቹ የአንጎሌን ሥራ ይጽፋሉ። እናቴ በሩ አጠገብ ቆማ እንድታይ ተፈቀደላት። «ዐይንሽን ጨፍኚ፣ ግለጪ፣ በኃይል ተንፍሺ» አለኝ፤ አደረግሁ። ብዕሮቹ ቀስ እያሉ ይጫጭራሉ። ምንም የለም። ይሄን ሁሉ መጥተን ደህና ነሽ ሊሉኝ ነው አልኩ፤ ደህና ከሆንኩ ደግሞ ጋኔን ነው፣ ጋኔን ከሆነ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ነኝ። ከዚያ መብራቱን አጥፍቶ ከፊቴ አንድ ክብ አምፖል አመጣና «አሁን ይሄን እዪ» አለኝ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ እያለ። ከዚያ ፈጠን። ከዚያ ፈጠን ፈጠን።

የቀረውን ያየችው እናቴ ናት። ስለዚህ ብትጨምርበትም ዕዳው የእሷ ነው።

ብዕሮቹ አበዱ አለች። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረቀቱን ይቧጥጡት ጀመር፣ እኔም ተንቀጠቀጥኩ። እናቴ ምን ታድርግ? ክብሪቷን ከጡቷ መሐል አወጣችና ጫረች። ባለሙያው አምፖሉን አጥፍቶ ዞር ሲል፣ በጨለማው ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሽቦና ወረቀት መሐል አንዲት ሴትዮ እሳት ይዛ ስትመጣ አየ። «እሳት! አጥፊ! አጥፊው!» ብሎ የጮኸው ጩኸት ከእኔ በሽታ ይልቅ ያስፈራ ነበር አለች። እፍ ብላ አጠፋችው። እሱም መጥቶ በጎኔ አዞረኝ። ራሴን እንዳይመታ በሁለት እጁ ያዘው። አረፋው ሲወጣ ከኪሱ መሐረቡን አውጥቶ አፌን ጠረገ፣ አገጬን ጠረገ፤ እስክረጋ ድረስ ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ» ይል ነበር።

«በመሐረቡ!» ትል ነበር እናቴ ኋላ፣ ለስንት ሰው። «በራሱ መሐረብ! ከዚያ አጣጥፎ መልሶ ኪሱ ከተተው!»

ስነቃ የሰማሁት ድምፅ የሷ ነው። «ጌታዬ፣ አይፈሩም?» ትለዋለች።

«ምኑን?» አለ ሰውየው። እውነትም አልገባውም ነበር።

ዐይኔን አዙሬ እናቴን ፈለግኋት። በሩ ሥር የተቃጠለች የክብሪት እንጨት ይዛ ቆማለች። ፊቷ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አስረዳችን። ወጣት ሴት ነበረች፣ ትዕግሥቷ የሚገርም። «ይሄ ደህና ስትሆን ነው» ብላ የተስተካከለውን መስመር አሳየችን። «ይሄ ደግሞ አምፖሉ ሲበራ።» ያኛው ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። አንጎል በጥቂት በጥቂት ኤሌክትሪክ እንደሚሠራ፣ የእኔ አንጎል ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሲያይ ኤሌክትሪኩ በአንድ ጊዜ እንደሚፈነዳ፣ የምወድቀውም በዚያ እንደሆነ ነገረችን። «በስብሰባችሁ አዳራሽ የሚብለጨለጭ መብራት አለ?» አለች። አለ! «በመንገድ ላይስ ፀሐይ በዛፍ መሐል ብልጭ ብልጭ ይላል?» እናቴ አፏን ያዘች። «አውቶቡሱ ላይ ግን አልወደቀችም፤ ቅቤውን ቀብቻት!» አለች። «ዐይኗ ተሸፍኖ ነበር?» ተሸፍኖ ነበር። እናቴ ዝም ስትል እኔ መጨነቅ እጀምራለሁ።

ከዚያ ቀና ብላ «ዶክተር፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ነቀምት መብራት ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች?» አለች።

ሐኪሟ ከት ብላ ሳቀች። ማታ ማታ የምውጠው ክኒን አዘዘችልኝ፤ የሚብለጨለጭ ነገር ካጋጠመኝ ደግሞ ፈጥኜ አንድ ዐይኔን በመዳፌ እንድሸፍን መከረችኝ። የሚጥል በሽታ በአረፋም በትንፋሽም በጣሳም እንደማይተላለፍ ጽፋ ማኅተም አደረገችበት። «ክብሪቱን ግን ይተዉት» አለቻት እናቴን። «በጎኗ ያዙሯት፣ ራሷን ይያዙላት፣ ሌላ ምንም የለም።» ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እናቴ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ መዳፏን ዐይኔ ላይ ጭና ሄደች። ላብ በላብ አደረገችኝ። ምንም አላልኩም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ አቅፋ ከያዘችኝ ስንት ጊዜ ሆኗት!

ትምህርት ቤት ይዛኝ የሄደችው በደረስን በማግስቱ ነው። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አንብቦ፣ ክፍላችን ድረስ መጥቶ፣ ለልጆቹም አነበበላቸው። «ሐኪም አይተላለፍም ብሏል። እንግዲህ ማን አብሯት ይቀመጣል?» አለ። ሰሌዳው ፊት ቆሜያለሁ። ያን የሚያህል ክፍል፣ አንድ እንኳ ቀና ያለ የለም። ሁሉም ደብተሩን ያነብባል፤ በሕይወታቸው ደብተር ገልጠው የማያውቁት ሁሉ ያነብባሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳይሬክተሩም አሳዘነኝ፤ ወረቀቱን አጥፎ ይዘረጋል፣ አጥፎ ይዘረጋል።

ያኔ እናቴ ከበሩ ተነስታ ገባች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በልጆቹ መሐል አልፋ፣ ባዶው ዴስክ ላይ ሄዳ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ክፍል ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

«አውቃለሁ፣ ገበያ መስሎኝ አይደለም። አብሯት የሚቀመጥ ይገኝ አላሉም? ይኸው ተገኘ!» ወደኔ ዞረችና «አንቺ ምን ትገተሪያለሽ? ነይ ቁጭ በይ፣ መምህሩን አስጠበቅሽው» አለችኝ።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ከቀበሌ በመጡ ቁጥር ጓሮ ትደበቅ የነበረችው እናቴ፣ እንዲህ ሆና ሀሁ ሳታውቅ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። ጠዋት ከእኔ ጋር ትመጣለች፣ ደወል ሲደወል ትነሳለች። ገበያዋን ለጎረቤት አደራ ሰጠች። ዴስኩ ሥር እጄን ይዛ ትቀመጣለች፣ ስጽፍ ብቻ ትለቀኛለች። ፊዚክስ ላይ ታንቀላፋለች፤ እንግሊዝኛ ላይ መምህሩን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች፣ የገባት ነው የምትመስለው። እኔ በኀፍረት ልሞት ነው። «እማ፣ በቃ፣ ብቻዬን እቀመጣለሁ» ብላት «ብቻሽንማ አትቀመጪም» አለችኝ። በቃ ይኸው ነው።

የፖለቲካ ትምህርት መምህሩ በተለይ አልወደዳትም፤ አርጩሜ ይዞ የሚዞር ወጣት ነው። አንድ ቀን «ትርፍ ከየት ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ። ከላብ አደሩ ጉልበት ነው ማለት ነበረብን፤ ግን ማንም እጁን አላወጣም። እናቴ አወጣች። «እሺ፣ እትዬ» አላት።

«ከሚዛን» አለች።

ክፍሉ ፈነዳ። ከኋላ ያሉት ዴስኩን እየደበደቡ ሳቁ፤ መምህሩ ራሱ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቼዋለሁ። እናቴ ምን ያስቃቸዋል ብላ ተቆጣች። «የምሠራበት እኔ እያለሁ እነሱ ያውቃሉ?» ትላለች። ያን ቀን ለዕረፍት ስንወጣ ልጆቹ መጀመሪያ ጊዜ ወደኛ ተጠጉ። ከእኔ ጋር አይደለም፣ ከእሷ ጋር ነው የሚያወሩት፤ ግን እኔም አጠገቧ አለሁ።

ከዕረፍት ስንመለስ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሳለ፣ ከኋላ በኩል አንዲት ልጅ ተነሳች። ከጉቴ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ ጨለለቂ ሰፈር በኪራይ የምትኖር፣ ከእኔ ጋር ቃል ተለዋውጣ የማታውቅ ዝምተኛ ልጅ ናት። መጥታ ዴስካችን ዳር ቆመች።

«አዮ፣ ናፍ ሲቃ» አለች ለእናቴ፣ ቀስ ብላ። «እናቴ፣ ጠጋ ይበሉልኝ» ማለቷ ነው።

እናቴ ግን ወዲያው አልተጠጋችም። ክፍሉ በሙሉ እያያት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ልጅቱም ደብተሮቿን አቅፋ ቆማ ጠበቀቻት።